መልክና ግብር፤ በቤተ ክርስቲያን ሥዕል ስለ መልከ ጥፉ ሰው

«መልከ ጥፉን በስም ይደግፉ» የሚለው ተረት በኢትዮጵያ ሰው አፍ የቆየ ነው። ነገሩ ለቀልድ የሚነገር ቢመስልም በውስጡ ብርቱ ፍርድ አለበት፤ መልኩ ያላማረለት ሰው ብቻውን ሊቆም የማይችል ይመስል ደጋፊ እንደሚያሻው ይናገራልና። በስም የሚደግፈው ወላጅ ነው፤ በቀለም የሚደግፈው ወይም የሚጥለው ግን ሠዓሊ ነው። ከአዲስ አበባ ተነሥቶ በአዲስ ዓለምና በአምቦ አድርጎ እስከ ባኮ፣ ከዚያም ወደ ነቀምት በሚሄደው መንገድ ካሉት አብያተ ክርስቲያናት ወደ አንዱ የሚገባ ምእመን ፊደል ባይቈጥርም እንኳ በመቅደሱ ግድግዳ ላይ የሰውን ፊት ያነባል። ስለዚህ የቀድሞ ሠዓልያን ክፉውንና መልከ ጥፉውን እንዴት አድርገው እንደ ሣሉ መመርመር ለሥዕል ወዳጅ ብቻ ሳይሆን ለካህንም ለመምህርም የሚገባ ነው።

በሸማ ላይ ተሥሎ በግድግዳ ላይ በሚለጠፈው በጥንቱ ሥዕል የታወቀ ሥርዐት አለ። ጻድቅ ሰው ፊቱን ወደ ተመልካቹ መልሶ በሁለት ዐይኑ ይታያል፤ ኃጥእ ግን ፊቱን አዙሮ በጎን ይሣላል፤ ስለዚህም አንድ ዐይን ብቻ ይታየዋል። በምሴተ ሐሙስ ሥዕል ዐሥራ አንዱ ደቀ መዛሙርት በሁለት ዐይን ሲቀመጡ ይሁዳ ባንድ ዐይን ይቀመጣል። ጌታን የገረፉት ጭፍሮችና ሰማዕታትን ያሠቃዩ መኳንንትም እንዲሁ ናቸው። ተመልካቹ ከክፉው ዐይን ጋራ እንዳይገጥም ነው የሚሉ አሉ፤ ሌሎችም ክፉ ሰው ነገሩን ሁሉ ባንድ ወገን ብቻ ስለሚያይ ነው ይላሉ። ሥርዐቱ እየጸና ሄዶ ከመጽሐፍ ታሪክ ወደ ዓለም ታሪክም ተሻገረ። የካቲት 23 ቀን 1888 ዓ.ም. የሆነውን የዐድዋን ጦርነት በሣሉት ሥዕሎች የኢትዮጵያ ሠራዊት በሁለት ዐይን፣ የኢጣልያ ወታደር ባንድ ዐይን ይታያል።

በዚህ ሥርዐት ልብ ሊባል የሚገባው፣ ሠዓሊው ክፉውን ሰው መልከ ጥፉ አላደረገውም። አፍንጫውን አላጣመመውም፤ ጥርሱን አላገጠጠውም፤ ልብሱንም አልቀደደበትም። ያሠቃየው መኰንን ብዙ ጊዜ ከሰማዕቱ ይልቅ ያማረ ልብስ ለብሶ ይታያል። የተለየው ፊቱን በማዞሩ ብቻ ነው። ፊትን ማዞር ደግሞ ተፈጥሮ ሳይሆን ፈቃድ ነው፤ የዞረ ሊመለስ ይችላልና። እንግዲህ የአባቶች ሥዕል በኃጥኡ ላይ የፈረደው በፍጥረቱ ሳይሆን በግብሩ ነው ማለት ነው።

ይሁን እንጂ ምልክትን ከነገሩ ጋራ የሚያደባልቅ ተመልካች አይታጣም። አንድ ዐይን የክፋት ምልክት ነው ሲባል የሰማ ሕፃን፣ በደጀ ሰላም ያንድ ዐይኑ ብርሃን የጠፋውን ሽማግሌ ባየ ጊዜ ምን ያስባል? ሰይጣንም በብዙ ሥዕል ጠቍሮ ስለሚሣል ጥቁረትን ከርኩሰት ጋራ ያስተካከሉ ሰዎች ነበሩ። ነገር ግን በየዓመቱ ሰኔ 24 ቀን የሚታሰበው ሙሴ ጸሊም ከሽፍትነት ወደ ምንኵስና የመጣ ታላቅ አባት ነው፤ «ጸሊም» መባሉም ከቅድስና አላገደውም። የሥዕሉ ምልክት የሚተረጕመው መምህር ካጣ ያላጠፋውን ሰው ይከስሳል።

ለዚህ ስሕተት መድኃኒቱ ከዚያው ከግድግዳው ላይ ይገኛል። በዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ ዘመን፣ ከ1426 እስከ 1460 ዓ.ም.፣ ተአምረ ማርያም በየቤተ ክርስቲያኑ እንዲነበብ ከተደነገገ ወዲህ የበላዔ ሰብእ ታሪክ በሕዝብ ልብ ገብቶ የሠዓልያን ተወዳጅ ሆነ። በቅምር ሀገር የነበረው ይህ ሰው አስቀድሞ እንግዳ ተቀባይ ነበረ፤ ሰይጣን ግን በቅዱሳን እንግዶች አምሳል መጥቶ አሳተውና 78 ነፍስ በላ። በመጨረሻ በመንገድ ያገኘው በለምጽ የቈሰለ ለማኝ በእመቤታችን ስም ቢለምነው ጥርኝ ውሃ ሰጠው። ነፍሱ በሚዛን በተመዘነች ጊዜ የእመቤታችን ጥላ ያረፈባት ያቺ ጥርኝ ውሃ 78ቱን ነፍስ መዘነች። አስተውሎ ለሚያይ፣ በዚህ ታሪክ አጥፊው የመጣው ባማረ አምሳል ነው፤ የመዳን ምክንያት ሆኖ የመጣው ግን ሰው አይቶ ፊቱን የሚያዞርበት ለምጻም ነው። የካቲት 16 ቀን ይህን ሰምቶ ወደ ቤቱ የሚመለስ ምእመን፣ በደጅ የተቀመጠውን ቍስለኛ ዘሎ ቢያልፍ ያየውን ሥዕል አላነበበውም።

ቅዱሳንም ሁሉ በተለመደው መልክ አልተሣሉም። የዝቋላው አባት አቡነ ገብረ መንፈስ ቅዱስ ገላቸው በጠጕር ተሸፍኖ፣ በአንበሶችና በነብሮች መካከል ቆመው ይሣላሉ። አቡነ ተክለ ሃይማኖት በጸሎት ብዛት የተሰበረች እግራቸው ከጎናቸው ተለይታ፣ ባንድ እግር ቆመው፣ ስድስት ክንፍ አውጥተው ይታያሉ፤ ጥር 24 ቀን የሚከበረውም የዚያች እግር መሰበር ነው። ጉድለት የሚባለው ነገር እዚህ ላይ የክብር ምልክት ሆነ። በገድለ ሐዋርያትም ቅዱስ እንድርያስንና ቅዱስ በርተሎሜዎስን የረዳ ፊቱ እንደ ውሻ የሆነ ሰው አለ፤ ስሙ «ሐሱም» ይባል ነበረ፤ ካመነ በኋላ ግን «ክርስቲያን» ተባለ። ይህ ሰው በስም መደገፉ እውነት ነው፤ ሆኖም ስሙ የተለወጠለት ልቡ ስለ ተለወጠ እንጂ መልኩን ለመሸፈን አይደለም።

ቅኔና ዜማ የተማረ ሰው ደግሞ «መልክዕ» የሚባለውን ድርሰት ያስታውሳል። ባለ አምስት ቤቱ ድርሰት ከራስ ጠጕር ጀምሮ እስከ እግር ጥፍር ድረስ ለእያንዳንዱ ሕዋስ ሰላምታ ይሰጣል። የሚያደንቀው የዓለምን ደም ግባት አይደለም፤ ዐይን ስላየው፣ እጅ ስለ ሠራው፣ እግርም ስለ ሄደበት ነገር ያመሰግናል እንጂ። በዚህ ሚዛን የሚናቅ ሕዋስ የለም።

በኤውሮጳም ሊቃውንት በዚሁ ነገር እጃቸውን ሞክረዋል። የኢጣልያው ሊዮናርዶ ዳ ቪንቺ ያገጩን መርዘም፣ ያፍንጫውን መጕበጥ፣ የድዱን መጕደል እየተመራመረ ብዙ የመልከ ጥፉ ሰዎችን ራስ ነድፏል። የፍላንድሩ ክዌንቲን ማሲስ እንደ ኤውሮጳ አቈጣጠር በ1513 ገደማ፣ አርጅታ ሳለች እንደ ልጃገረድ ያጌጠች አንዲት ሴት ሣለ፤ ሥዕሉ ዛሬ በሎንዶን ብሔራዊ ቤተ ሥዕል ይገኛል። ለብዙ ዘመን ሰው በእርስዋ ሲሥቅ ኖረ። ኋላ ግን ሐኪሞች አይተው ይህ መልክ አጥንትን ከሚያሳብጥ ደዌ የመጣ ሳይሆን አይቀርም አሉ። በሣቅ የታየው ነገር ሕመም ሊሆን እንደሚችል መታወቁ ለተመልካች ሁሉ ትምህርት ነው።

በቅርቡም ዘመን የአለቃ ደስታ ልጅ ገብረ ክርስቶስ ደስታ በጀርመን ሀገር በኮሎኝ ተምሮ ከተመለሰ በኋላ፣ እንደ ኤውሮጳ አቈጣጠር በ1963 «ጎልጎታ» የተባለውን ሥዕል ሣለ። ቀይ ቀለም የነገሠበት ስለ ሆነ የለመዱትን ያማረ ፊት የሚፈልጉ ሰዎች አያገኙበትም። ነገር ግን ነቢዩ ኢሳይያስ በ53ኛው ምዕራፍ ስለ መሲሑ ሲናገር ደም ግባት እንደሌለው፣ የተናቀም እንደሚሆን አስቀድሞ ገልጾ ነበር። በመልክ ማማር ብቻ የሚፈርድ ሰው በዕለተ ዓርብ ከመስቀሉ ሥር ቢቆም ኖሮ ፊቱን ማዞሩ አይቀርም ነበር።

ዛሬ በብዙ ቤትና በብዙ ቤተ ክርስቲያን በማተሚያ የተባዙ ሥዕሎች ተሰቅለዋል፤ ሁሉም ቀላ ያሉ፣ ለስላሳና ያማሩ ናቸው። ማማራቸው ነውር አይደለም፤ ነገር ግን የተሰበረችውን እግር፣ ጠጕራሙን ገላ፣ የለምጻሙን ቍስል ከሕዝብ ዐይን የሚያርቁ ከሆነ ጥቂት ነገር አልጠፋም። ስለዚህ በባኮም ሆነ በሌላው ደብር አሮጌውን ሥዕል ለማስነሣት የሚመክሩ ሽማግሌዎች፣ ምን እንደሚያስተምር አስቀድመው ለልጆቻቸው ቢያስተረጕሙላቸው መልካም ነው። መልከ ጥፉው ሰው የሚሻው የሚደግፈው ስም አይደለም፤ ፊቱን ሳያዞር በሁለት ዐይኑ የሚያየው ወንድም እንጂ።