ስህተቷን ይዛ የቆየች ዓረፍተ ነገር

ባለፈው የተመራቂዎች መሰባሰብ ላይ፣ ምሳ ተበልቶ ቡና ሲቀርብ፣ ሽበት ጣል ጣል ያደረገበት አንድ ጎልማሳ መጥቶ አቅፎ ሳመኝና «ጋሼ፣ አላወቁኝም አይደል?» አለኝ። እውነቱን ለመናገር አላወቅኩትም። እሱ ግን የፍሬሽማን ሳይኮሎጂ ትምህርቴን አልረሳም። እዚያው ቆሞ እንደ ዳዊት ደገመልኝ፦ «ኤች. ኤም.፤ ሂፖካምፐሱ ሙሉ በሙሉ ወጣ፤ አዲስ ነገር ማስታወስ አበቃ።»

በዙሪያችን የነበሩት ሳቁ፤ እኔም አብሬ ሳቅሁ። በየሴሚስተሩ በጠመኔ ሰሌዳ ላይ የምጽፋት፣ ሃንድአውቱ ላይም ከሥሯ የማሰምርባት ዓረፍተ ነገር ናት። ችግሩ ዓረፍተ ነገሯ ትክክል አይደለችም። ልጁ ደግሞ ዛሬ ራሱ መምህር ሆኗል፤ ለተማሪዎቹ እንዳለች እንደሚያስተላልፋት በኩራት ነገረኝ። ቡናው መረረኝ። የዚህ መጽሔት አዘጋጆች «ስለ ድሮ ትምህርትዎ አንድ ነገር ይጻፉልን» ሲሉኝ እንግዲህ ዕዳዬን ልክፈል አልኩ። (ከዚህ በታች የማነሣቸው ዓመታት ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።)

በ1950 ካርል ላሽሊ የተባለው አሜሪካዊ ሳይኮሎጂስት የብዙ ዓመት ልፋቱን ጠቅልሎ አንድ ጽሑፍ አወጣ። ሥራው አይጦችን ጠመዝማዛ መንገድ ማስተማር፣ ከዚያም ከአንጎላቸው ቅርፊት እየቆረጡ የተማሩትን ይረሱ እንደሆነ ማየት ነበር። ላሽሊ እንዳገኘው፣ የሚጎዳቸው የተቆረጠው ቦታ የት መሆኑ ሳይሆን ምን ያህል መሆኑ ነው። ስለዚህ በዚያን ጊዜ ትውስታ በአንጎል ውስጥ የራሱ ቤት የለውም ብሎ ማመን የሚያስነቅፍ አልነበረም።

ሦስት ዓመት ቆይቶ፣ በ1953፣ በኮኔቲከት ግዛት በሃርትፎርድ ከተማ አንድ የ27 ዓመት ወጣት ለአንጎል ቀዶ ሕክምና ተኛ። ከባዱ የሚጥል በሽታ የጀመረው በ15 ዓመቱ ነው። መድኃኒት በብዛት እየወሰደም ሥራ መሥራት አቅቶት ነበር። ቀዶ ሐኪሙ ዊልያም ስኮቪል ከዓይኖቹ በላይ ሁለት ቀዳዳ ከፍቶ፣ የፊተኛውን አንጎል ቀና አድርጎ፣ ከጆሮ ግንድ ወደ ውስጥ ባለው ክፍል ያለውን ሥጋ በግራም በቀኝም በመምጠጫ አወጣ። የባሕር ፈረስ ይመስላል ተብሎ ሂፖካምፐስ የተባለው ክፍል የሚገኘው እዚያ ነው። ስኮቪል ተመሳሳይ ቀዶ ሕክምና በአእምሮ ሕሙማን ላይ ያደርግ ነበር፤ በዚህ ወጣት ላይ ያደረገው ግን ሙከራ መሆኑን ራሱም አልደበቀም። የአንጎል ሞገድ ምርመራው በሽታው ከዚያ ቦታ እንደሚነሣ አላሳየም ነበር። እኔ ይህቺን ነጥብ ክፍል ውስጥ አንድም ቀን አንስቼ አላውቅም።

መውደቁ ቀነሰለት። ነገር ግን የሚያስታምሙትን የሆስፒታል ሠራተኞች መለየት አቃተው፤ መጸዳጃ ቤቱ በየት በኩል እንደሆነም አያውቅም።

በ1955 ብሬንዳ ሚልነር ከሞንትሪያል መጥታ መረመረችው። ቀኑ ስንት ነው ስትለው መጋቢት 1953 አለ፤ ዕድሜህስ ስትለው 27። የማሰብ ችሎታው ግን ምንም አልሆነም፤ እንዲያውም ከቀዶ ሕክምናው በፊት 104 የነበረው የፈተና ውጤቱ 112 ሆኖ ተገኘ። ስኮቪልና ሚልነር በ1957 ባወጡት ጽሑፍ ወጣቱ ኤች. ኤም. ተባለ። ከዚያ ወዲህ የነርቭ ሳይንስ ዓይኑን ሂፖካምፐስ ላይ ተከለ፤ በ1971 ለንደን ውስጥ ቦታን የሚያውቁ ሕዋሳት በአይጥ ሂፖካምፐስ ውስጥ ተገኙ፤ በ1973 ደግሞ ብሊስና ሎሞ በጥንቸል ሂፖካምፐስ ውስጥ የነርቭ ግንኙነት በአጭር ቅስቀሳ ለሰዓታት እንደሚጠነክር አሳዩ።

እኔ ግን ከሁሉም የምወደው የኮከቡን ሙከራ ነው። ሚልነር ባለ ሁለት መስመር ኮከብ ሰጠችው፤ እጁን በመስተዋት ብቻ እያየ በሁለቱ መስመሮች መካከል በእርሳስ እንዲስል ነው። በሦስት ቀን ውስጥ ስህተቱ እየቀነሰ ሄደ። በየቀኑ ግን ሥራውን ከዚያ በፊት ያየው አይመስለውም ነበር። እጁ ተምሯል፤ እሱ አያውቅም። ይህን ለማሳየት የባለቤቴን የፊት መስተዋት ይዤ ክፍል እገባ ነበር፤ ተማሪው ኮከቡን ለመሳል ሲታገል፣ እርሳሱ ወደ ቀኝ ሲባል ወደ ግራ ሲሸሽ የነበረውን ሳቅ ብዙዎቻችሁ ታስታውሱ ይሆናል። መስተዋቱ በ«ሜሞሪ» ሳምንት ተሰነጠቀ። እቤት የተባልኩትን አልጽፈውም።

ወደ ስህተቱ ልመለስ። ስኮቪል ያወጣው ከየወገኑ 8 ሳንቲ ሜትር ያህል እንደሆነ ገምቶ ነበር። በ1997 የታተመው የኤም. አር. አይ. ምስል ግን 5 ሳንቲ ሜትር ገደማ መሆኑን አሳየ። የሂፖካምፐሱ የኋላ ክፍል፣ ቢሰልልም፣ እዚያው አለ። በአንጻሩ መረጃ ወደ ሂፖካምፐስ የሚገባበት በአጠገቡ ያለው ቅርፊት በአብዛኛው ወጥቷል፤ አሚግዳላውም እንዲሁ። ስለዚህ የጠፋው ሁሉ በሂፖካምፐስ ብቻ አይመካኝም። ሰውየው ከሞተ በኋላ አንጎሉ በሳን ዲዬጎ 2,401 ስስ ንብርብር ሆኖ ተቆረጠ፤ በ2014 የወጣው ውጤትም የቀረውን ሂፖካምፐስ አረጋገጠ። በፊተኛው አንጎል በግራ በኩልም ቀደም ሲል ያልታወቀ ትንሽ ጠባሳ ተገኘ።

የ1997ቱን ጽሑፍ ያነበብኩት ዘግይቼ ነው። ካነበብኩም በኋላ «ሙሉ በሙሉ» የሚለውን ቃል አልሰረዝኩም። ለምን? ታምራለቻ! ተማሪው ቶሎ ይይዛታል፤ ለፈተናም ትመቻለች። ጡረታ እስክወጣ ድረስ ሃንድአውቱ እንዳለ ተባዛ።

ሌላም አለ። በታኅሣሥ 2008 ኤች. ኤም. በ82 ዓመቱ ሲያርፍ ስሙ ይፋ ሆነ፤ ሄንሪ ሞሌይሰን። በማግስቱ ክፍል ገብቼ ስሙን ስናገር አንዲት ተማሪ ከኋላ እጇን አነሣች። «ጋሼ፣ ያን ሁሉ ዓመት ሲመረመር እሺ ብሎ ነው?» ክፍሉ ዝም አለ። ቀዶ ሕክምናውን እሱም ወላጆቹም ተስማምተውበታል። ግን ዛሬ እሺ ያለውን ነገ የማያስታውስ ሰው ከሃምሳ ዓመት በላይ እንዴት ነው እሺ የሚለው? ከ1992 ጀምሮ ፍርድ ቤት የሾመለት ሞግዚት ይፈርምለት ነበር። በ2016 የስኮቪል የልጅ ልጅ ሉክ ዲትሪክ ያሳተመው መጽሐፍ ይህንኑ አንስቶ ብርቱ ክርክር አስነሣ። እኔ ያን ቀን ለልጅቷ የመለስኩላት «ጥሩ ጥያቄ ነው፤ በሚቀጥለው ክፍለ ጊዜ እንመለስበታለን» ብዬ ነው። አልተመለስንበትም።

ከመሰባሰቡ በኋላ ለዚያ ጎልማሳ ደውዬ ይህን ሁሉ ነገርኩት። ጥቂት ዝም ብሎ «ታዲያ አሁን ሰሌዳው ላይ ምን ልጻፍ?» አለኝ። እኔም ሳዘጋጅ ያደርኩትን አነበብኩለት፦ «ሄንሪ ሞሌይሰን፤ የሂፖካምፐሱ የፊት ክፍልና በአጠገቡ ያለው ቅርፊት አብዛኛው ወጣ፤ የኋላው በከፊል ቀረ፤ አዲስ ገጠመኝ ማስታወስ አቃተው፤ እጁ ግን አዲስ ሙያ ይማር ነበር።»

«ጋሼ፣ ረዘመች እኮ!» አለኝ።

ረዝማለች።