ከጎተራው ጎን የቆመው በርሜል

ባለፈው መስቀል አገር ቤት ሄጄ ነበር። አገር ቤት ስል ከደብረ ብርሃን አልፎ፣ ዋናውን መንገድ ለቆ፣ ክረምት ሲገባ መኪና የማይደርስበት የሰሜን ሸዋ ደጋ ማለቴ ነው። የደመራው አመድ ገና ሳይበርድ የአጎቴ ልጅ እጄን ይዞ ወደ ጓሮ ወሰደኝ። «ጋሼ፣ አንተ የተማርክ ሰው ነህና እስቲ ይህን እይልኝ» አለና አንድ የውሃ ጠርሙስ ከፍ አድርጎ አሳየኝ። ከላይ ቢጫ፣ ከታች ውሃ፣ በመሐል ደግሞ አተላ የመሰለ ጥቁር ዝልግልግ ነገር ተኝቶበታል።

ናፍጣ ነው። ሰኔ ላይ መንገዱ ሳይቆረጥ አንድ በርሜል ሙሉ ገዝቶ፣ ከግማሽ በላዩን ለወፍጮው ተጠቅሞ፣ የቀረውን ለመስከረም ያቆየው። ወፍጮው በእንቁጣጣሽ ማግስት ሁለቴ አስነጥሶ ቀጥ አለ። ከከተማ የመጣው መካኒክ ፖምፓውን ፈትቶ ይዞ ሄደ። እስከ መስቀል አልተመለሰም።

«ውሃ ቀላቅለው ነው የሸጡልኝ!» አለ ልጁ። እኔ ዕድሜዬን ያስተማርኩት ሥነ ጽሑፍ ነው፤ ስለ ግጥም ቢጠይቀኝ ይሻል ነበር። ጠርሙሱን አገላብጬ «ሳይሆን አይቀርም» አልኩ። የተማረ ሰው የማያውቀውን ነገር ሲጠየቅ የሚመልሰው እንዲህ ነው።

መልሱ የመጣው ከግድግዳው ሥር ነው። አጎቴ ሰማንያን አልፏል፤ ዓይኑ ደክሟል፤ ጋቢውን ተከናንቦ ፀሐይ ይሞቃል። «ማንም አልቀላቀለብህም» አለ። «ሰማዩ ነው የቀላቀለብህ። በርሜል ይተነፍሳል ብዬህ አልነበረም?»

አጎቴ ስለ በርሜል ሲናገር ዝም ብሎ መስማት ነው። በደርግ ዘመን ቀበሌው ከሌሎች ቀበሌዎች ጋር ያቋቋመው የአገልግሎት ኅብረት ሥራ ማኅበር የናፍጣ ወፍጮ ሲያስተክል ሞተሪስቱ እሱ ነበር። ኋላ ዘመኑ ሲለወጥ ከሁለት ጓደኞቹ ጋር ተዋጥቶ የራሱን ወፍጮ ተከለ። እና እንዲህ አስረዳን። ጎዶሎ በርሜል ውስጥ ከናፍጣው በላይ ያለው ቦታ ባዶ አይደለም፤ አየር ነው። ቀን ፀሐይ ሲመታው አየሩ ይለጠጥና በክዳኑ ጥርስ ሾልኮ ይወጣል፤ ማታ የደጋው ብርድ ሲጨብጠው ይኮማተርና የውጭውን እርጥብ አየር ይስባል። እርጥበቱ በብረቱ ግድግዳ ላይ እንደ ጤዛ ተጠራቅሞ ወደ ታች ይወርዳል። ውሃ ከናፍጣ ስለሚከብድ ታች ይተኛል። በርሜሉ ቀጥ ብሎ የቆመ እንደሆነ ደግሞ ነገሩ ይብሳል፤ ዝናቡ በአናቱ ላይ ይቋጥርና ማታ ሲተነፍስ በክዳኑ በኩል ይጠጣዋል። ያ ጥቁር ዝልግልግ ነገር ሕይወት ያለው ነው፤ ውሃውና ናፍጣው በሚገናኙበት ላይ የሚራቡ ጥቃቅን ሕዋሳት። አጎቴ ሕዋስ አላለም፤ «ሻጋታ» ነው ያለው። ከመጽሐፉ ጋር ብዙም አልተራራቀም።

እኔን የገረመኝ ግን ሌላ ነው። ይህ ሰው ናፍጣ ብሎ፣ ታኒካ ብሎ፣ ቺንጊያ ብሎ፣ ፖምፓ ብሎ ሲናገር አንድም ጊዜ የባዕድ ቋንቋ የተናገረ አይመስለውም። ሁሉም ጣሊያንኛ ነው። በርሜል እንኳ የመጣው በዐረብኛ በኩል ነው። ናፍጣ ከጅቡቲ የሚያመላልሰውን መኪና «ቦቴ» እንለዋለን፤ ቦቴ ማለት በጣሊያንኛ የወይን ጠጅ በርሜል ነው። የአገራችን የነዳጅ ታሪክ ገና ሳይጻፍ በአፋችን ውስጥ ተቀምጧል ብል ማጋነን አይሆንብኝም።

ቃሉን ማን እንዳመጣው ደግሞ እናውቃለን። ፊያት የተባለው የጣሊያን ኩባንያ እ.ኤ.አ. በ1931 አንድ ከባድ የጭነት መኪና አወጣ፤ ስሙ 634 ኤን። ኤኗ ናፍጣ ለማለት ነበር። ይህ መኪና ነው በአገራችን «ትሬንታ ኳትሮ» እየተባለ ስሙ የቀረው። መስከረም 22 ቀን 1928 ዓ.ም. የፋሺስት ጦር መረብን ሲሻገር እነዚህና መሰሎቻቸው ከኋላው ነበሩ። ቤንዚኑም፣ ናፍጣውም፣ የአውሮፕላኑ ነዳጅም በመርከብ ተጭኖ፣ በስዊዝ ቦይ አልፎ ምፅዋ ይራገፍ ነበር።

እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ፤ ባነበብኩት ቁጥር ደሜን የሚያፈላው ቦታ ነውና። የዓለም መንግሥታት ማኅበር በኅዳር 1928 ዓ.ም. በጣሊያን ላይ ማዕቀብ ጣለ። ወደ ጣሊያን እንዳይላኩ የተከለከሉት ነገሮች ዝርዝር አለ። ፈረስ፣ በቅሎ፣ አህያ፣ ግመል፤ ጎማ፤ ቆርቆሮ፤ ኒኬል። አዎ፣ አህያ ተከልክሏል! ነዳጅ ግን በዝርዝሩ ውስጥ የለም። ስለ ነዳጁ ጉዳይ ጄኔቫ ላይ ወራት ሙሉ ተወያዩ፤ ቀጠሮ እያራዘሙ፣ ኮሚቴ እያቋቋሙ። ሚያዝያ 27 ቀን 1928 ዓ.ም. የጣሊያን ጦር በነዳጅ እየተነዳ አዲስ አበባ ገባ። ንጉሠ ነገሥቱ ሰኔ 23 ቀን ጄኔቫ ቆመው ሲናገሩ ጥያቄው አብቅቶለት ነበር። ሙሶሊኒ ራሱ ኋላ ለሂትለር፣ ያኔ ነዳጅ ቢከለክሉኝ ኖሮ በሳምንት ውስጥ ከኢትዮጵያ መውጣት ግድ ይሆንብኝ ነበር ማለቱን የሂትለር አስተርጓሚ በማስታወሻው ጽፎታል። አጎቴ የሚገፋው በርሜል ይህን ሁሉ ተሸክሟል ማለት ነው።

ሞተሩን የፈጠረው ጀርመናዊ ሩዶልፍ ዲዝል ግን ያሰበው ጦር አልነበረም። ሐሳቡ ትልቅ ፋብሪካ ያላቸው ከበርቴዎች ትንሹን የእጅ ባለሙያ እንዳይውጡት፣ እሱም የራሱ ትንሽ ሞተር እንዲኖረው ነበር። እ.ኤ.አ. በ1900 በፓሪሱ ኤግዚቢሽን ላይ በሱ ሥሪት የተሠራ አንድ ሞተር በለውዝ ዘይት ሲሠራ ታይቷል። (የኛ ሰው ይህን ቢሰማ ኑግ አይጨምርበትም ብላችሁ ነው?) ዲዝል በ1913 ወደ እንግሊዝ ሲጓዝ ከመርከብ ላይ ጠፍቶ በባሕር ቀረ። ያሰበለትን ትንሽ ባለሙያ በዓይኑ ማየት ቢፈልግ ከደብረ ብርሃን ወዲያ ያለ የወፍጮ ቤት ቢመጣ ያገኘው ነበር።

ከተሜው ናፍጣ ሲባል የሚታየው አውቶቡስ ነው። ገጠር ግን ናፍጣ ዱቄት ነው። አያቴን አስታውሳታለሁ። ዶሮ ሲጮኽ ተነሥታ ከድንጋዩ ወፍጮ ላይ ትደፋለች፤ መጁን ስትገፋ የምታንጎራጉረው እስከ ጎሕ ይሰማል። መዳፏ እንደ ቁርበት የደረቀ ነበር። የማኅበሩ ወፍጮ ተተክሎ ድምፁ ከማዶ ተሰምቶ ሲመጣ ሴቶቹ እልል ማለታቸውን እናቴ አንስታ አትጠግብም። ታዲያ ይህ ሁሉ እፎይታ የተንጠለጠለው በአንድ የብረት በርሜል ላይ ነው። ያ ከደረቀ መጁ ወደ ቦታው ይመለሳል፤ ወይም ሴቶቹ አሥራ አምስት ሃያ ኪሎ እህል በጀርባቸው አዝለው ወደ ሌላ ወፍጮ ይሄዳሉ። ዘንድሮ የአጎቴ ልጅ ወፍጮ ሲቆም ያደረጉትም ይህንኑ ነው። የቅርቡ ወፍጮ ደርሶ መልስ የግማሽ ቀን መንገድ ነው። አንዷ የወር ልጅ ይዛ ነበር።

በርሜሉን ሞልቶ ማምጣት ራሱ አንድ ታሪክ ነው። ሁለት መቶ ሊትር ናፍጣ 170 ኪሎ ገደማ ይመዝናል፤ የብረቱን ጨምሩበት። አህያ አይችለውም። ስለዚህ መኪና እስከሚደርስበት በመኪና፣ ከዚያ ወዲያ ወይ እያንከባለሉ፣ ወይ በጀሪካን እየከፋፈሉ በአህያ። ጀሪካንም ዝም ብሎ ጀሪካን አይደለም። ጀርመኖች ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በፊት ለጦራቸው የሠሩት 20 ሊትር የሚይዝ የብረት ዕቃ ነው። የእንግሊዞቹ ቆርቆሮ እያፈሰሰ ሲያስቸግራቸው ከጠላት ማርከው ቀዱት፤ ስሙም «ጄሪ» ከሚለው ለጀርመኖች ካወጡላቸው ቅጽል ስም መጣ። ዛሬ የአገራችን ሴት ውሃ የምትቀዳበት ቢጫ ላስቲክ የዚያ የልጅ ልጅ ነው።

ነዳጁ ራሱ የሚመጣበት በር ደግሞ ስንት ጊዜ ተዘጋ፣ ስንት ጊዜ ተከፈተ። ሶቪየቶች ያሠሩት የአሰብ ማጣሪያ እ.ኤ.አ. በ1967 ሥራ ጀመረ፤ ድፍድፉ ገብቶ ናፍጣ ሆኖ ይወጣ ነበር። በ1966 ዓ.ም. የነዳጅ ዋጋ በዓለም ሲንር በየካቲት የአዲስ አበባ ታክሲ ነጂዎች መኪናቸውን አቆሙ፤ መንግሥት ደንግጦ ዋጋውን ቢቀንስም ነገሩ ካፉ አልፎ ነበር። ሰባት ወር ሳይሞላ ዙፋኑ ወደቀ። ደርግ ኩፖን አመጣ። ማጣሪያው እ.ኤ.አ. በ1997 ተዘጋ፤ በዓመቱ፣ ግንቦት 1990 ዓ.ም.፣ ጦርነቱ ፈነዳና የአሰብ መንገድ ራሱ ተዘጋ። ከዚያ ወዲህ ጅቡቲ ነው።

የኩፖኑ ዘመን በኛ መንደር አንድ ጠባሳ ትቷል። ላምባ ጠፋ። ያኔ መብራታችን ኩራዝ ነው። አንድ ቸርቻሪ ከከተማ «ላምባ» ብሎ ያመጣውን ጎረቤታችን ገዛች፤ ቤንዚን የተቀላቀለበት ነበር። ናፍጣ ካልሞቀ በቀር በክብሪት እንኳ ቶሎ አይያዝም፤ ትነቱ እንዲቀጣጠል ከ50 ዲግሪ በላይ ሙቀት ይፈልጋል። ላምባም ከዚያ ዝቅ ቢል እንጂ ትዕግሥት አለው። ቤንዚን ግን ከዜሮ በታች 40 ዲግሪ በሆነ ብርድ እንኳ ትነቱ እሳት ይጠራል። ኩራዙ እጇ ላይ ፈነዳ። ሴትየዋ ተረፈች፤ ፊቷ ግን እንደ ነበረ አልተመለሰም፤ ሠርግና ለቅሶ ነጠላዋን ተሸፋፍና ትመጣ ነበር። እኔ ልጅ ነበርኩ፤ ሽታው ዛሬም አፍንጫዬ ውስጥ አለ። አጎቴ ከዚያ ቀን ወዲህ በርሜሉን ከቤት አስወጥቶ ከጎተራው ጎን አቆመው። «እህሉስ ቢቃጠል?» ሲሉት «እህል ይዘራል» አለ።

ዛሬስ? በ2014 ዓ.ም. ክረምት መንግሥት ድጎማውን ማንሣት ሲጀምር የአንድ ሊትር ናፍጣ ዋጋ ከ35 ብር ከ43 ሳንቲም ወደ 49 ብር ከ02 ሳንቲም ዘለለ። በታኅሣሥ 2017 መጨረሻ 98 ብር ከ98 ሳንቲም ደረሰ። በርሜሉ ሰባት ሺህ ብር ገደማ ይሞላ የነበረው ሃያ ሺህ ሊሆን ትንሽ ቀረው። ድጎማው ቀስ እያለ የተነሣው የሕዝብ ማመላለሻ ነው፤ ወፍጮ ሰው አይጭንም። በ2015 ዓ.ም. ክፍያው በስልክ ይሁን ተባለ፤ በ2017 የወጣው የነዳጅ ግብይት አዋጅ ደግሞ ከማደያ ውጭ በሚቸረችሩት ላይ ቅጣቱን አከበደ። እኔ በሕጉ አልከራከርም። ኮንትሮባንዱን በዓይናችን አይተነዋል፤ በየመንገዱ ዳር በሃይላንድ ጠርሙስ የሚሸጠው ቤንዚን ከየት እንደሚመጣ የማያውቅ የለም። ነገር ግን በርሜል ጭኖ የተያዘ ወፍጮ ባለቤትና በርሜል ጭኖ የተያዘ ኮንትሮባንዲስት ከኬላው ላይ ሲታዩ አንድ ናቸው። ልዩነታቸው አንዲት ማኅተም ያለባት ደብዳቤ ናት። የአጎቴ ልጅ ያቺን ደብዳቤ ለማግኘት ከቀበሌ ወረዳ፣ ከወረዳ ቀበሌ ስንት ቀን እንደተመላለሰ ቢነግረኝም መጻፉ ያሳፍረኛል። ደብዳቤዋ የምትፈቅደው ለአንድ ጊዜ ነው። ስለዚህ ሰው በተገኘ ጊዜ አንድ በርሜል ሙሉ ገዝቶ ያስቀምጣል፤ ያስቀመጠው ደግሞ ይተነፍሳል።

መብራት አልገባም ወይ ትሉኝ ይሆናል። ገብቷል። ምሰሶው በአጎቴ ደጅ ያልፋል። በርሜሉም አልተነሣም፤ ሁለቱን አይቶ ለምን እንደሆነ የማይገባው ሰው መብራት የማይጠፋበት ሰፈር የሚኖር ብቻ ነው።

በማግስቱ ሥራ ጀመርን። አጎቴ ከመቀመጫው ሳይነሣ ያዛል፤ እኛ እንታዘዛለን። ከበርሜሉ ሥር ያለውን ውሃ በጎማ ሳብን። (በአፋችሁ እንዳትስቡ፤ እኔ ስቤ እስከ ምሳ ድረስ ስተፋ ዋልኩ። ናፍጣ ሳንባ ከገባ ቀልድ የለውም።) የቀረውን በአራት እጥፍ ሻሽ አጠለልነው። ሁለት የባሕር ዛፍ ግንድ አጋድመን በርሜሉን በጎኑ አስተኛንበት፤ ሁለቱ ክዳኖች በሰዓት ቆጣሪ ሦስትና ዘጠኝ ላይ እንደሚሆኑት ግራና ቀኝ ትይዩ ሆነው፣ ናፍጣው ከውስጥ እንዲሸፍናቸው፣ አየር እንዳያስገቡ። በላዩ የሣር ዳስ ጣልንለት።

«አሁን ሙሉት» አለ አጎቴ። «ሙሉ በርሜል የሚተነፍስበት ቦታ የለውም።»

ልጁ ኪሱን ዳበሰ። አዲሲቱ ደብዳቤ አለች፤ ቀኗ የሚያልፈው ዓርብ ነው። ብሩ ግማሹ አለ። ፖምፓው ገና ከከተማ አልመጣም። ከታች ከመንገዱ በኩል ሦስት ሴቶች ጆንያ አዝለው፣ ወፍጮ ቤቱ ድምፅ ያሰማ እንደሆነ ቆም ብለው አዳመጡና አለፉ።