ደብረ ታቦርን ማን ቆረቆራት?

ከወረታ ወደ ወልዲያ የሚወስደው ዋና መንገድ ደብረ ታቦርን ሰንጥቆ ያልፋል። ዛሬ በግራ ቀኙ የጭቃው ቤት እየፈረሰ ፎቅ ይተካል። ከተማዋ ግን ከዚህም የባሰ አይታለች። በ1860 ዓ.ም. መጀመሪያ አፄ ቴዎድሮስ አቃጥለዋት፣ በጋፋት የተሠራውን 7 ቶን ገደማ የሚመዝን ሴባስቶፖል መድፍ፣ መንገድ እያስጠረጉ ወደ መቅደላ አስጎተቱ።

የቆረቆሯትስ? ራስ ጉግሣ መርሳ ናቸው። እሳቸው ክርስቲያን ነበሩ፤ የዘራቸው መሠረት ግን ሙስሊሙ የየጁ ወረ ሼህ ቤተሰብ ነው። እንግዲህ «መጤ ናችሁ» የሚል ቢገጥማችሁ አትቆጡ፤ ይህን በአደብ ንገሩት። የቀረው አሮጌ ቤትም ሳይፈርስ ፎቶ አንሱት፤ አባቶችንም በሕይወት ሳሉ ጠይቁ። ቤት ይቃጠላል፤ ታሪክን የሚያቆየው የሚጠይቅ ልጅ ነው።