«ኩታ ገጠም» ለፋይልም ይሆናል

ደብረ ብርሃን ውስጥ ከእጅ ወደ እጅ በሚዘዋወር አንድ የኮምፒውተር ማሠልጠኛ ማስታወሻ ላይ «ዲፍራግመንቴሽን ማለት ሃርድ ዲስክን መበታተን ነው» ተብሎ ተጽፏል። የችግሩን ስም ለመፍትሔው ሰጥቶታል። አሮጌው ኮምፒውተር የሚንቀራፈፈው ፋይሉ ስለተበታተነ አይደለምን? ይህን ያጠና ልጅ ነገሩን ገልብጦ ይዞ ይወጣል።

«ፀረ ብትነት» የሚሉም አሉ። «ፀረ» ግን የሚከተለው ጠላትን ነው፦ ፀረ ተባይ፣ ፀረ ሙስና። እዚህ የሚጠፋ ነገር የለም፤ ከፋይሉ አንዲት ፊደል አትጎድልም። «ማደራጀት» ለአቃፊ ሥራ ተይዟል። «ማሰባሰብ» ከሁሉም ይሻላል፣ ብዙ ጊዜም ተጠቅሜበታለሁ፤ ነገር ግን ሰውም መዋጮም ያለ ተራ ይሰባሰባል። ዲስኩ ላይ የሚፈለገው እያንዳንዱ ቁራጭ በተራው፣ ጠርዝ ለጠርዝ እንዲቀመጥ ነው።

ለዚህ የሚሆን ቃል በእጃችን አለ፦ ኩታ ገጠም። ሸማኔ የሚያወጣው ጨርቅ ጠባብ ነውና ጠርዝ ለጠርዝ ተገጥሞ ይሰፋል፤ ቃሉም ድንበር ለሚጋሩ ወረዳዎችና ማሳዎች ውሏል። ለሞረትና ጅሩ ስንዴ አምራች «ኩታ ገጠም» ማለት ምን እንደሆነ ማንም አይነግረውም። ተቃራኒውን ደግሞ የአንኮበር ገበሬ ያውቀዋል። ገብሱ ደጋው ላይ፣ ማሽላው ቆላው ላይ ሲሆን፣ ቁልቁለት ሲወርድና ዳገት ሲወጣ ጊዜው በመንገድ ያልቃል። የዲስኩም አንባቢ ክንድ ፋይሉ እዚህም እዚያም ሲሆንበት ከማንበቡ መመላለሱ ይበዛል።

የችግሩንም ስም ከዚያው ከእርሻው እንውሰድ። አንድ ጊዜ የተቆረጠ ገመድ «ተበጠሰ» ይባላል፤ ብዙ ቦታ ከተቆረጠ «ተበጣጠሰ» ነው። አማርኛ ድምፁን በመድገም ብቻ ብዛቱን ይናገራል። የግብርና ባለሙያው «የተበጣጠሰ ማሳ» እንደሚል እኛም «የተበጣጠሰ ፋይል» እንበል፤ ሥራው ደግሞ «ኩታ ገጠም ማድረግ» ይሁን።

ዊንዶውስ ኤክስፒ የያዘ ኮምፒውተር ያለው ሰው የዲፍራግመንቴሽኑን መስኮት ከፍቶ ይይ። ቀዩ የተበጣጠሰው ፋይል ነው፣ ሰማያዊው ኩታ ገጠሙ፣ ነጩ ባዶ ቦታ። ሥራው በደንብ እንዲሄድ ከዲስኩ 15 በመቶው ባዶ መሆን አለበት። ከቪስታ ወዲህ ያሉት ዊንዶውሶች በራሳቸው ጊዜ ጠብቀው ይሠሩታል። ኤስኤስዲ የሚባለው ዲስክ ግን የሚመላለስ ክንድ ስለሌለው አያስፈልገውም፤ በከንቱ ዕድሜውን መፍጀት ነው።

ሁለት ቃል ስለሆነ ይረዝማል የሚል አይጠፋም። «ዲፍራግመንቴሽን» 9 ፊደል ነው፣ «ኩታ ገጠም» 5።

በደብረ ብርሃንም ሆነ በሌላ ከተማ ኮምፒውተር የምታስተምሩ፣ ማስታወሻችሁን ዳግም ስታሳትሙ «መበታተን» የሚለውን ሰርዙልን፤ ገበሬው የሚያውቀውን ቃል ለተማሪውም ስጡት።