የእግርና የቁርጭምጭሚት መጠይቅ፦ ከኑሮዎ ጋር አስማምተው እንዴት ይመልሱ?

የእግርና የቁርጭምጭሚት መጠይቅ ሕመሙ የዕለት ተዕለት ሥራዎን ምን ያህል እንዳወከ የሚለካ የጥያቄዎች ዝርዝር ነው። ራጅ የአጥንትን ሁኔታ ያሳያል፤ ቁልቁለቱን ወርደው ገበያ መድረስ መቻልዎን ግን የሚያውቁት እርስዎ ነዎት።

እ.ኤ.አ. በ2005 የታተመው «ኤፍ.ኤ.ኤ.ኤም.» የተባለው መጠይቅ ስለ ዕለታዊ እንቅስቃሴ 21፣ ስለ ስፖርት 8 ጥያቄዎች አሉት። እያንዳንዱ መልስ ከ4 (ምንም አልቸገርም) እስከ 0 (ጨርሶ አልችልም) ነጥብ ይሰጠዋል። ድምሩ ከመቶ ይሰላል፤ ከፍ ያለ ውጤት የተሻለ አቅም ማለት ነው።

ትርጉም ብቻ ለምን አይበቃም?

በአማርኛ «እግር» ስንል ከጭን እስከ ጣት ያለውን ሁሉ ማለታችን ሊሆን ይችላል። መጠይቁ የሚመለከተው ግን ቁርጭምጭሚትንና ከዚያ በታች ያለውን ነው። የእግረኛ መንገድ ጠርዝ ስለመውጣት የሚጠይቀው ጥያቄም በዲላ ከተማ ትርጉም ቢሰጥ፣ በጌዴኦ ተዳፋት ላይ ቡና ለሚለቅም ሰው እንግዳ ነው። ስለዚህ መጠይቅ ከተተረጎመ በኋላ ከሕሙማን ጋር መፈተሽ አለበት። ለምሳሌ ቆዳን የሚመለከት ባለ 10 ጥያቄ የኑሮ ጥራት መለኪያ በደቡብ ኢትዮጵያ በፖዶኮኒዮሲስ (በባዶ እግር ቀይ አፈር ላይ ለረጅም ጊዜ ከመሄድ የሚመጣ የእግር እብጠት) ሕሙማን ላይ በአማርኛ ተፈትሾ ውጤቱ እ.ኤ.አ. በ2008 ታትሟል።

ሲመልሱ

• ያለፈውን 1 ሳምንት ብቻ ያስቡ።
• ያገደዎት ጉልበት ወይም ወገብ ከሆነ «አይመለከተኝም» ይበሉ። 0 ካሉ እግርዎ ከሚገባው በላይ የተጎዳ ይመስላል፤ ሕክምናውም ሊሳሳት ይችላል።
• ጌዴኡፋ የሚቀልዎት ከሆነ በቋንቋዎ እንዲነበብልዎት ይጠይቁ።
• ቤተሰብ ጥያቄውን ሊያነብልዎት ይችላል፤ መልሱ ግን የእርስዎ ይሁን።
• በቀጠሮዎ ቀን እንደገና ይሙሉት። በዕለታዊ እንቅስቃሴ ክፍል የ8 ነጥብ ያህል ለውጥ ትርጉም ያለው ለውጥ ነው።

መቼ በፍጥነት መታከም ያስፈልጋል?

ከጉዳት በኋላ 4 እርምጃ መራመድ ካቃተዎት፣ እግርዎ ከቀዘቀዘ ወይም ቀለሙ ከተለወጠ፣ ወይም የስኳር ሕመም ኖሮብዎት እግርዎ ከቆሰለ መጠይቅ አይጠብቁ። በአቅራቢያዎ ወዳለው ጤና ጣቢያ ወይም ሆስፒታል በዚያው ቀን ይሂዱ።