በባሕር ማዶ የተጠራው ዓባይ

በዓባይ ማዶ የምንኖር ጥቂት የዘፈን ወዳጆች ቅዳሜ ማታ ስንሰበሰብ ወጋችን ዘወትር ወደ አንድ ክርክር ይመለሳል፤ ይኸውም በአገራችን መድረክ ላይ ከታዩት የሙዚቃ ቡድኖች የትኛው ይበልጣል የሚለው ነው። አንዱ የክብር ዘበኛን ኦርኬስትራ ያነሣል፤ ሌላው ከሮሃ ባንድ በላይ ላሳር ይላል፤ ሦስተኛው አባቱ ዋልያስ ባንድን በሒልተን ሆቴል ሲጫወት አይተው የነገሩትን ደጋግሞ ይተርካል። እኛ በዕድሜ ስላልደረስንበት የምንከራከረው ከታላላቆቻችን በሰማነውና በሸክላ በቀረው ብቻ ነው። በዚህ ጽሑፍ ግን በክርክራችን ስሙ እምብዛም ስለማይነሣ፣ ነገር ግን የወንዛችንን ስም ይዞ አሜሪካ ድረስ ስለ ዘለቀ አንድ ቡድን ልንናገር ወደድን። ዓመታቱን የምንጠቅሰው በአውሮፓ አቈጣጠር ነው።

ራስ ተፈሪ መኰንን በኢየሩሳሌም ያገኟቸውን 40 ወላጅ አልባ የአርመን ልጆች በ1924 ከመሪያቸው ከኬቮርክ ናልባንዲያን ጋር ወደ አዲስ አበባ ካስመጡ ወዲህ፣ «ባንድ» ሲባል በብዙ ሰው ልቡና የሚመጣው የናስ መሣሪያ ነበር። የክብር ዘበኛ፣ የጦር ሠራዊትና የፖሊስ ሙዚቀኞች ስማቸውን ያስጠሩት በዚሁ መንገድ ነው። ማሲንቆና ክራር በአገር ፍቅር መድረክ ባይጠፉም፣ «አዝማሪ» የሚለው ቃል ግን ከሙያ ስምነቱ ይልቅ እንደ ስድብ ይቈጠር ነበር።

ትውልደ ግብፅ አሜሪካዊው የሙዚቃ ደራሲ ሐሊም ኤል-ዳብ በ1963 ከልዩ ልዩ ብሔረሰቦች የተውጣጡ የባህል ሙዚቀኞችን ሰብስቦ ኦርኬስትራ ኢትዮጵያን አቋቋመ። የቡድኑም መኖሪያ በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ የሚገኘው የኪነ ጥበብ ማዕከል ሆነ። ነገሩ በአፍ እንደሚነገረው ቀላል አልነበረም። ለምን ቢሉ፣ ማሲንቆ ባለ አንድ ጭራ ሆኖ የሚቃኘው ለራሱ ዘፋኝ ድምፅ ነው፤ ክራርም እንዲሁ። ዋሽንት ግን አንድ ጊዜ ከተበሳ በኋላ ቅኝቱ አይለወጥም፤ ስለዚህም ባለሙያው ብዙ ዋሽንት ይዞ ይዞራል። እምቢልታ ደግሞ አንዱ ነፊ የሚያወጣው አንድ ወይም ሁለት ድምፅ ስለሆነ፣ ዜማው የሚሞላው ጓደኞቹ በተራ ሲቀበሉት ነው። እነዚህን በአንድ ቃና ማስማማት ትልቅ ትዕግሥት ይጠይቃል። በእኛ አስተያየት ከማንኛውም የናስ ባንድ ይልቅ ይህ የሚከብድ ሥራ ነው፤ ከጓደኞቻችን መካከል ግን ይህን የማይቀበል አለ።

ከዚያ በኋላ ቡድኑን ከመሩት መካከል ስሙ ከፍ ብሎ የሚነሣው ተስፋዬ ለማ ነው። የሰላም ጓድ በጎ ፈቃደኛ ሆኖ የመጣው አሜሪካዊው ቻርልስ ሳተንም ማሲንቆን ከጌታመሳይ አበበ ተምሮ በአማርኛ እስከ መዝፈን ደረሰ። በ1969 ቡድኑ አሜሪካን ሲዞር በእንግሊዝኛ «ብሉ ናይል» ተባለ፤ ይህም የእኛው ዓባይ ነው። በኤድ ሰሊቫን የቴሌቪዥን ዝግጅትም ታየ። ከጣና ወጥቶ በደጃችን የሚያልፈው ወንዝ በማሲንቆ ድምፅ ታጅቦ በዚያ አገር ሲጠራ፣ እኛ የወንዙ ጎረቤቶች ይህን ያወቅነው ግማሽ ምዕት ዓመት ካለፈ በኋላ መሆኑ ያሳፍረናል።

ይህን ለጓደኞቻችን ባነሣንበት ማታ፣ በዕድሜ የሚልቁን አንድ ጡረተኛ መምህር በዝምታ ካዳመጡ በኋላ ተቃወሙን። «የአዝማሪ ጨዋታ ግማሹ የአድማጩ ነው» አሉ። «አድማጩ ‹ተቀበል› ብሎ ግጥም ካልሰጠ፣ አዝማሪውም ተቀብሎ ካልመለሰ፣ ምኑን ጨዋታ ሆነ? አማርኛ በማይሰማ አዳራሽ ማን ግጥም ሊሰጥ ነው?» በውነቱ መልስ አላገኘንላቸውም። መድረክ ማሲንቆን ከንቀት አወጣው፤ አድማጩን ግን ወንበር ላይ አስቀምጦ ዝም አሰኘው።

በ2007 ፈረንሳዊው ፍራንሲስ ፋልሴቶ በሚያዘጋጀው «ኢትዮፒክስ» በተባለው ተከታታይ ስብስብ 23ኛው ቅጽ የኦርኬስትራ ኢትዮጵያን ሥራ ይዞ ወጣ። ድምፁ በዚህ ዳነ። የአዳራሹን ሁኔታ ግን ቅጂ አይነግረንም፤ ማን ከማን አጠገብ ተቀመጠ፣ ሕዝቡ በየትኛው ዘፈን ተነሣ፣ በየትኛውስ አጉረመረመ? በዚያ ዘመን ተማሪ የነበሩና ቡድኑን በዓይናቸው ያዩ አንባቢዎች ዛሬ ሰማንያ ዓመት ገደማ ይሆናቸዋል፤ ያዩትን ጽፈው ቢልኩልን በሚቀጥለው ቅዳሜ ለመምህሩ እናነብላቸዋለን።