መርሐቤቴ ያፈራችው ማተሚያ ቤት

ብላቴን ጌታ ኅሩይ ወልደ ሥላሴ በስደት ላይ ሳሉ እንግሊዝ አገር ባዝ ከተማ ያረፉት መስከረም 9 ቀን 1931 ዓ.ም. ነው። አዲስ ዓመት በገባ በሳምንቱ ስለሚውል ዕለቱን የሚያስታውሰው ጥቂት ሰው ነው። በመንዝ፣ በግሼና በመርሐቤቴ ከአባት ወደ ልጅ የተላለፈ የአገር ቤት ጋዜጣ ለሚፈልግ ግን ለዚያ የቀረበው የኅሩይ ቤት ነው። ኅሩይ የጋዜጣ ባለቤት ተብለው አይታወቁም። የራሳቸው ማተሚያ ቤት ግን ነበራቸው፤ ከዚያ የወጣውን ያገላበጠ ሰው ጋዜጣ ያነበበ ያህል ይሰማዋል።

የሚታወቀውን ባጭሩ እንለፈው። በ1870 ዓ.ም. መርሐቤቴ ውስጥ፣ ደን በሚባል ቦታ ተወለዱ። የቤተ ክህነት ትምህርታቸውን ይዘው እንጦጦ ራጉኤል ገቡ። ከዚያ በኋላ ጸሐፊ፣ የአዲስ አበባ ከንቲባ፣ መልእክተኛ፣ በመጨረሻም የውጭ ጉዳይ ሚኒስትር ሆኑ።

ጋዜጣ በዚያ ዘመን ገና ጨቅላ ነበር። ከሐማሴን የመጡት ብላታ ገብረ እግዚአብሔር በእጃቸው እየጻፉ፣ በሳምንት ሃምሳ ያህል ቅጂ ለምኒልክ ከተማ ሰዎች ያድሉ እንደነበር ይነገራል። ግሪካዊው አንድርያስ ካቫድያስ የጀመረው፣ ምኒልክ «አእምሮ» ብለው ስም ያወጡለት ጋዜጣም መጀመሪያ በእጅ ተጽፎ የሚባዛ 24 ቅጂ ብቻ ነበር። የትኛው ይቀድማል የሚለው ክርክር ዛሬም አልበረደም። እኔ ለብላታው አደላለሁ፤ ሃምሳ ሰው ሳምንት ጠብቆ የሚያነበው ወረቀት ጋዜጣ ካልተባለ ምን ሊባል ነው? በ1917 ዓ.ም. ደግሞ የራስ ተፈሪ «ብርሃንና ሰላም» በየሳምንቱ ሐሙስ መውጣት ጀመረ።

ኅሩይም «ጎሐ ጽባሕ» የተባለውን የራሳቸውን ማተሚያ ቤት አቋቋሙ። ከዚያ የወጡትንና ቀደም ብለው ያሳተሟቸውን መጻሕፍት ባንድ ጠረጴዛ ላይ ደርድሯቸው። በ1915 ዓ.ም. የታተመው «የሕይወት ታሪክ» የመኳንንቱንና የሊቃውንቱን ማንነት ይመዘግባል፤ ይህ በጋዜጣ ቋንቋ የዜና ዕረፍት ገጽ ነው። በ1924 ዓ.ም. የወጣው «ማኅደረ ብርሃን ሀገረ ጃፓን» የባሕር ማዶ ዘገባ ነው፤ ጸሐፊው ራሳቸው የኢትዮጵያን መልእክተኞች መርተው ሄደው ነበርና። በ1923 ዓ.ም. የታተመው «የልብ አሳብ» ያለ ዕድሜ ጋብቻን ይተቻል፤ ልብ ወለድ ለብሶ የመጣ ርእሰ አንቀጽ ልትሉት ትችላላችሁ።

ከሁሉም የሚያስቆመኝ ግን የ1925ቱ «አዲስ ዓለም» ነው። አወቀ የሚባል የተጉለት ልጅ አውሮፓ ሄዶ ይማርና ወደ ዘመዶቹ ይመለሳል። ተጉለት ለመንዝ ጎረቤት ነው፤ ልማዱም ያው ነው። አባቱ ሲሞት ዘመድ አዝማዱ ተዝካር ይጠብቃል፤ እሱ ደግሞ ያን የመሰለ ድግስ አይዋጥለትም። መንዝ ውስጥ፣ ዘመሮ ያደገ ሰው ይህን ሲያነብ ማን ምን እንደሚል አስቀድሞ ያውቀዋል። ጠላው ተጠምቆ፣ በሬው ታርዶ፣ ዳሱ ተጥሎ ካልታየ «አባቱን እንደ ውሻ ቀበረው» የሚባለው ወሬ ከገበያተኛው ቀድሞ ይደርሳል። የሟች ልጅ ብድር ገብቶም ቢሆን ይደግሳል፤ ብድሩን ከመክፈል ይልቅ ስሙ መጥፋቱ ይከብደዋልና። ኅሩይ ይህን ጸብ ከነስካሩ፣ ከነኩርፊያው ጻፉት። መጽሐፉ ወደ ማብቂያው ሲደርስ ካህናቱ ራሳቸው ተሰብስበው ስለ ቤተ ክርስቲያን ሥርዐት መታደስ ይመክራሉ። ልማድ የሚነቅፍ ጸሐፊ ብዙ ጊዜ ቄሱን ጠላት አድርጎ ያስቀምጠዋል፤ የመርሐቤቴው ደብተራ ግን ጉባኤውን ለካህናቱ ሰጧቸው። አገሩን የሚያውቅ ሰው ሥራ ነው።

ክርክሩ ያለው እዚህ ላይ ነው። ኅሩይ የቤተ መንግሥት አፍ ናቸው የሚሉ አሉ፤ ሹመታቸውም ወዳጅነታቸውም ከተፈሪ ጋር ነበር፣ ማተሚያ ቤቱም የዚያው ጥላ ነው ይላሉ። ሌሎች ደግሞ ከመንግሥት ሥራቸው ውጪ በገዛ ማተሚያቸው የገዛ አሳባቸውን ያወጡ ለውጥ ፈላጊ ያደርጓቸዋል። ጋዜጣ የሚፈተነው በሹም ላይ ነው፤ ኅሩይ ደግሞ ሹሙ ራሳቸው ነበሩ። ከዚህ ፈተና አንጻር ከታዩ ወድቀዋል። ግን በዚያ ዘመን የዘመድን ቁጣ፣ የባላገርን ሐሜትና የደብሩን ኩርፊያ ወደ ራስ መጥራት ንጉሥን ከመንቀፍ የሚያንስ ድፍረት አልነበረም። ተዝካርን መንካት ለቤተ መንግሥት ያን ያህል ጥቅም አያመጣም። ስለዚህ ወደ ሁለተኞቹ እጠጋለሁ።

ስለ ማተሚያ ቤቱ የየዕለት ሥራ የሚነገረው ጥቂት ነው። ፊደል ለቃሚ ነበር፣ ቀለም ነበር፣ ወረቀት ከጅቡቲ በባቡር ይመጣ ነበር፤ በጊዜው የነበሩት ማተሚያ ቤቶች ሁሉ እንዲሁ ነበሩ። ከዚያ ጣሊያን መጣ። «የኢትዮጵያ ታሪክ» የተባለው ትልቅ ሥራቸው በኅትመት ላይ ሳለ ተቋረጠ። ንጉሠ ነገሥት የሆኑት ተፈሪ ሚያዝያ 24 ቀን 1928 ዓ.ም. ከአዲስ አበባ ወጡ፤ ኅሩይም አብረው ተሰደዱ። እስከ ሚያዝያ 27፣ ጣሊያን እስኪገባ ድረስ ከተማው ተዘረፈ፣ ተቃጠለ።

ቤተሰቡም ተበተነ። ካምብሪጅ የተማሩት ልጃቸው ፈቃደ ሥላሴ በጣሊያን እጅ ተገደሉ። ኦክስፎርድ የተማሩት ሲራክ ተርፈው፣ የሳሙኤል ጆንሰንን «ራስላስ» ወደ አማርኛ መለሱ። አባትየው በማተሚያ ቤት የጀመሩትን የመጽሐፍ ሥራ ልጅየው በትርጉም ቀጠሉት ማለት ነው፤ የቤተሰብ ሥራ ያደረገውም ይህ ነው።

ዛሬ የአማራ ክልል በኩር የተባለ ሳምንታዊ ጋዜጣ አለው፤ ከባሕር ዳር ይወጣል። ዘመሮ ላይ ግን ወሬው የሚደርሰው በስልክ ነው። የሩቁ ዜና በደቂቃ ይገባል፤ የመንደሩን ተዝካርና የመንደሩን ብድር በስም ጠርቶ የሚያከራክር ጽሑፍ ግን ብርቅ ነው። መስከረም ትምህርት ቤት የሚከፈትበት ወር ስለሆነ፣ የመንዝና የመርሐቤቴ የአማርኛ መምህራን ከ«አዲስ ዓለም» የተዝካሩን ክፍል አውጥተው ለክርክር ቢያቀርቡት ተማሪው የሚናገረው አያጣም፤ ያለፈው ክረምት ድግስ ዕዳ ገና ያልተከፈለበት ቤት ሞልቷል።